ዓይናችንን በጥቁር ቀለም አትቅበሩት

ዓይኔ ጎድጓዳ ነው። ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ አባቴም ከእናቱ። የቅንድባችን አጥንት ወደ ፊት ወጣ ይላል፣ ዓይናችን ደግሞ ከሥሩ ገባ ብሎ ተቀምጧል። በእንጅባራም በዳንግላም እንዲህ ያለ ዓይን ያላቸው ሴቶች ሞልተዋል፣ የሌላቸውም ሞልተዋል። የዘር ነገር አድርጎ የሚያወራው እንዳይኖር ከወዲሁ ልናገር፦ ነገሩ የአጥንት ነው፣ በየቤተሰቡ የሚወረስ።

የምጽፈው ተናድጄ ነው። ጥር በመጣ ቁጥር፣ ጥምቀት አልፎ በየሰፈሩ ዳስ ሲጣል፣ እንደኔ ያለ ዓይን ያላቸው ሙሽሮች የውበት ሳሎን ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሲነሡ ዓይናቸው የለም። ቀለም አለ፣ የተለጠፈ ሽፋሽፍት አለ፣ ዓይን የለም። ለዚህም ገንዘብ ይከፈላል፤ ወላጅ ከበግና ከጠላ እህል ቀንሶ ያስቀመጠው ገንዘብ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ስልኳን ከመስታወቱ ሥር ታቆማለች። ስልኩ ላይ የአንዲት ሴት ፊት አለ፤ የዓይን ቆቧ ሰፊ፣ ከዓይኗ እስከ ቅንድቧ ያለው ቦታ ገላጣ። ለዚያች ሴት የተሠራው ሁሉ እንዳለ ወደ ሙሽሪት ፊት ይገለበጣል። ጥቁርና ጥቁር ቡናማ አይሻዶ የዓይን ቆቡ እጥፋት ውስጥ ይሞላል፤ አይላይነሩ ወፍሮ ይሰመራል፤ የታችኛው የዓይን ጠርዝ ከውስጥ በጥቁር ፔንስል ይጠቁራል፤ በመጨረሻ ረጅምና ከባድ ሽፋሽፍት ይለጠፋል። የስልኳ ሴት እጥፋቷን ብታጠቁር ምክንያት አላት፤ ፊቷ ላይ ጥልቀት ስለሌለ በቀለም ትፈጥረዋለች። እኛ ግን ጥልቀቱ አብሮን ተወልዷል። ቀድሞውኑ ጥላ ባለበት ቦታ ላይ ጥላ የሚጨምር ሰው ጉድጓድ እየቆፈረ ነው።

የአክስቴ ልጅ ስትዳር አብሬያት ነበርኩ፤ እንጅባራ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሳሎን። የምትሠራት ልጅ ክፉ አልነበረችም። አገጯን በጣቷ ቀና አደረገችና «የኔ ቆንጆ፣ ዓይንሽ ትንሽ ገብቷል፤ አይዞሽ፣ እናወጣዋለን» አለቻት። አይዞሽ! በሠርጓ ቀን፣ ሃያ ምናምን ዓመት ያየችበትን ዓይን እንደ በሽታ አይዞሽ ተባለች። ከዚያ ማስካራው ገና ሳይደርቅ ቀና በይ አለቻት። ቀና ስትል ሽፋሽፍቷ የቅንድቧን ሥር ነካና ጥቁር ነጠብጣብ በረድፍ አተመ። ጎድጓዳ ዓይን ያላት ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ ሽፋሽፍታችን ሲከፈት የሚያርፈው እዚያው አጥንቱ ሥር ነው። ልጅቷ በእርጥብ ሶፍት ጠረገችው፣ ጥራጊው ተለቅልቆ ግራጫ ሆነ፣ ግራጫውን ለመሸፈን ሌላ ጥቁር ደረበችበት። ከድጡ ወደ ማጡ።

ሙሽሪት ምንም አላለችም። ሙሽራ በዚያ ቀን አትከራከርም፤ ሚዜዎቹ ደርሰዋል፣ መኪናው ጥሩንባ ይነፋል፣ እናት ስልክ ትደውላለች። ከሰዓት በፊት ዘንገና ሐይቅ ዳር ፎቶ ልንነሳ ወጣን። የጥር ፀሐይ አናት ላይ ቆሟል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። እንዲህ ያለ ብርሃን ከላይ ሲወርድ የቅንድብ አጥንት በራሱ ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል፤ በላዩ የሳሎኑ ጥቁር ተጨመረበት። አልበሙን ያየ ሰው ሐይቁን ያያል፣ ቬሎውን ያያል፣ ጥርሷን ያያል። ከቅንድቧ ሥር ያለው ሁለት ጥቁር ክብ ነው። አክስቴ ፎቶውን ገልጣ «ልጄ ሌሊቱን አልተኛችም ነበር እንዴ?» አለች። አንጀቴ አረረ።

ይህ «ገብቷል» የሚሉት ነገር ከሳሎን አልተጀመረም፤ ከሰፈር ነው የሚመጣው። ጎድጓዳ ዓይን ያላት ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ «ታመሽ ነበር?»፣ «ከሳሽ?»፣ «አትበይም እንዴ?» እየተባለች ታድጋለች። ሥጋቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ዓይኑ በአንድ ጀንበር ሲሰረጉድ ውኃ ከሰውነቱ እየተሟጠጠ ነው ማለት ነው፤ ጤና ጣቢያ የሚያዩት ባለሙያዎችም ከአደጋ ምልክቶች አንዱ አድርገው ይመረምሩታል። አዋቂም ቢሆን በአጭር ጊዜ ውስጥ ዓይኑ ገባ ካለ ሐኪም ይየው። ረሃብና ወረርሽኝ ያየ ሕዝብ የገባ ዓይን ቢያስፈራው አይፈረድበትም። ነገር ግን ጤነኛ ሆና ተወልዳ፣ ጤነኛ ሆና ያደገች ልጅን በየቡናው ላይ ሕመምተኛ ማድረግ ምን የሚሉት ነው?

ሌላም ሥር አለው። የውበት ዓይናችን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያደገ ነው። ከእኛ ወደ ሰሜን፣ የጣና ገዳማትን ሥዕሎች የተመለከተ ሰው ያውቃል፤ ቅዱሳኑ ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ትልቅና ክፍት ሆኖ ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ። ትልቅና የተገለጠ ዓይን የደግነት ምልክት ሆኖ ለዘመናት ሲታይ ኖሯል። እወደዋለሁ፣ ከዚያ ውበት ጋር ጠብ የለኝም። ግን እነዚያን ሥዕሎች ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው። ሠዓሊው ያንን ሁሉ ግርማ ያመጣው በቀጭን ጥቁር መስመር ነው። የዓይኑን ዙሪያ አጥርቶ ሰመረ፣ ውስጡን ነጭና ብሩህ አድርጎ ተወው። ጥቁሩን በየቦታው አልደፋውም። የዛሬዋ ሜካፕ ሠሪ ጥቁሩን ብቻ ወስዳ ብርሃኑን ጣለችው።

እንግዲህ ጎድጓዳ ዓይን እንዴት ነው የሚኳለው? ሚስጥር የለውም። በመጀመሪያ መስታወቱ ፊት ለፊት፣ በዓይን ትክክል ይሁን፤ ዓይንም ክፍት ሆኖ ቀጥ ብሎ ይይ። ዓይን ጨፍኖ የተሠራ ሜካፕ የሚያምረው ዓይን ሲጨፈን ብቻ ነው፤ ሙሽራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና አትውልም። ቀጥሎ የዓይን ቆቡን በስሱ ፋውንዴሽን ወይም ኮንሲለር ቀብቶ በፓውደር ማድረቅ፤ እኛ ቆባችን ከአጥንቱ ጋር ስለሚነካካ እርጥብ ቀለም አይቆምልንም፣ ይዘባረቃል። ከዚያ ተንቀሳቃሹ ቆብ ላይ ፈካ ያለ፣ የማያብረቀርቅ ቀለም፤ ለጠይም ፊት የብስኩት ወይም የማር መልክ ያለው ይሆናል፤ ነጭ አይደለም፣ ነጭ በጠይም ቆዳ ላይ አመድ ይመስላል። የሚያብለጨልጭ ከተወደደ ቆቡ መካከል ላይ ጥቂትና ወደ አፍንጫ ባለው የዓይን ጥግ ጠብታ ታክል። ብርሃን የነካው ቦታ ወደ ፊት ይወጣል፣ የጠቆረው ወደ ኋላ ይሸሻል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

ቡናማውን አትጣሉት፤ ቦታውን ግን ቀይሩት። የሚቀባው እጥፋቱ ውስጥ ሳይሆን ከእጥፋቱ ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ በሚጀምርበት ላይ ነው፤ መካከለኛ ቡናማ፣ በንጹሕ ብሩሽ ወደ ላይና ወደ ውጭ እየተሰራጨ። ይህን ያደረገች ሴት ወጣ ያለውን አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፣ ዓይኗም ከሥሩ ብቅ ይላል። አይላይነሩ ቀጭን ይሁን፤ የሽፋሽፍቱን ሥር ብቻ ይከተል፣ ወደ ውጭኛው ጥግ ሲደርስ ትንሽ ይነሣ። ወፍራም መስመር ያለንን ትንሽ ቆብ ይበላብናል። የታችኛውን የውስጥ ጠርዝ በጥቁር መሙላት ዓይንን ያጠብባል፤ እዚያ ቦታ ክሬም መልክ ያለው ፔንስል ቢገባ ዓይኑ ይከፈታል። ሽፋሽፍቱ በመቆልመሚያ ወደ ላይ ይቆልመም፣ ማስካራው ውኃ የማያጥበው ይሁን፣ እስኪደርቅም ወደ ታች ይታይ። የሚለጠፍ ከሆነ አጭሩ፣ ያውም ወደ ውጭኛው ጥግ ብቻ። ረጅሙ አጥንቱን እየነካ ዓይን ያስለቅሳል፣ በዚያ ላይ ጥላ ይጥላል። ቅንድብ ደግሞ ከሥሩ ይጽዳ እንጂ አይላጭ፤ ከሥሩ የምትለቀም እያንዳንዷ ፀጉር ለዓይናችን ቦታ ትሰጣለች። ከዓይን ሥር ያለው ጥቁረት ላይም ነጣ ያለ ኮንሲለር ብቻውን መደረብ ግራጫ ያደርጋል፤ መጀመሪያ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ማስተካከያ በስሱ ይቀባል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ዕቃ የለም። ያው ቀለም፣ ያው ብሩሽ ነው። የሚያስፈልገው ሜካፕ ሠሪዋ ፊቷ የተቀመጠችውን ሴት ማየቷ ነው፤ እርሱ ነው የጠፋው።

በዚያው በጥር፣ በ23ኛው ቀን፣ እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ይሰበሰባሉ። ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች የሚዘክር ነው። ፈረሱ የሚሸለምበትን ሌሊት በአንድ ግቢ ያደረ ሰው ያየውን ያውቃል። ባለቤቱ ለአንዱ ፈረስ የተሠራውን ኮርቻ አንሥቶ በሌላው ላይ አይጭንም። ጀርባውን በእጁ ይዳስሳል፣ ግላሱን ያነጥፋል፣ ልጓሙን በአፉ ልክ ያሳጥራል፣ ሽልማቱ ዓይኑን እንዳይጋርደው ወደ ጎን ያደርግለታል። የፈረስ ዓይን እንዳይጋረድ የሚጨነቅ ከተማ ውስጥ፣ በዚያው ሳምንት የሙሽራ ዓይን በጥቁር ተደፍኖ ይወጣል። ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው።

«ድሮስ ኩል ብቻ አልነበር? ምን አስቸገረ!» የሚሉኝ አሉ፤ በተለይ ታላላቆቻችን። ኩል እወዳለሁ። አያቴ ስትኳል አይቻለሁ፤ መኳያውን በተከደነው ዓይኗ መካከል አስገብታ በአንድ ትንፋሽ ወደ ውጭ ትስበዋለች፣ ዓይኗን ስትገልጥ ነጩ ይበልጥ ይነጣል። እንደዚያ የጠራ መስመር የትኛውም ውድ አይላይነር ሲሰጠኝ አላየሁም። ግን ኩልን ስለምወደው እውነቱን አልደብቅም። በብዙ አገር ኩል የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ጋሌና ነው፤ እርሳስ የተባለው ብረት ከድኝ ጋር ተዋሕዶ የሚገኝበት ማዕድን። የጥንት ግብጻውያንም ዓይናቸውን የሚኳሉት በእርሱ ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኩልን ለመዋቢያ ቀለምነት አይፈቅድም። ስለዚህ ገበያ ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን፣ ሻጩ ራሱ ከምን እንደተፈጨ የማያውቀውን ዱቄት ለሕፃን ዓይን አትቀቡ። ስለ ሕፃን አልደራደርም። አዋቂዋም ብትሆን የአያቷን መስመር ይዛ፣ ቀለሙን የታወቀ ነገር ታድርገው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ከፍተኛውን የትራኮማ ሸክም የተሸከመች አገር ናት፤ በአገሪቱ ውስጥ ደግሞ የእኛ የአማራ ክልል ግንባር ቀደም ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከል ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ሲታገለው ኖሯል፤ በ2001 ዓ.ም. የወባና የትራኮማ ሳምንት ተጀምሮ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለሚሊዮኖች ታድሏል። ትራኮማ ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይን ቆቡ ከውስጥ ይጠባሰሳል፣ ይቆለመማል፣ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን ይፍቃል። ከወንዶች ይበልጥ ሴቶችን ያጠቃል፤ ሕፃናትን የሚያቅፉና ዓይናር የሚጠርጉ እነርሱ ናቸውና። እናቶቻችን አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ወረንጦ ያንጠለጥሉ የነበረው ለጌጥ ብቻ መስሏችኋል? ዓይናቸውን የሚወጋውን ፀጉር ይነቅሉበት ነበር። ስንቷ እናት ናት ብርሃኗን በዚህ ያጣችው!

በሽታው ከዓይን ወደ ዓይን የሚሄደው በእጅ፣ በፎጣ፣ በጨርቅና በዝንብ ነው። እስቲ ንገሩኝ፤ ከአንዷ ሙሽራ ዓይን ወጥቶ ወደ ሚዜዋ ዓይን፣ ከሚዜዋ ወደ እናቷ ዓይን የሚገባው የማስካራ ብሩሽ ከፎጣው በምን ይሻላል? በሠርግ ሰሞን አንድ ማስካራ፣ አንድ ፔንስል፣ አንድ ስፖንጅ ቤተሰብ ሙሉ ሲያዳርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ተራ የዓይን ማዝ እንኳ በዚህ መንገድ ባንድ ቀን ሠርግ ቤቱን ይዞረዋል። ክልሉ ፊታችሁን ታጠቡ እያለ ሁለት ዐሥርት ዓመት ጮኸ፤ እኛ ደግሞ ገንዘብ ከፍለን የሰው ዓይን የነካውን እርጥበት ወደ ዓይናችን እናስገባለን።

ደግሞ የተከፈተ ማስካራ ከሦስት ወር በላይ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም፤ ብልቃጡ ጨለማና እርጥብ ስለሆነ ተህዋስ ይራባበታል። ካለፈው ጥር የተረፈው ለዘንድሮ ጥር ይሠራል የምትል ባለሳሎን ካለች ከወንበሯ ተነሡ። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ የተቀለበሰባት፣ ዓይኗ የሚያለቅስባት ወይም ብርሃን የሚወጋት ሴት ሜካፕ ሠሪዋን ካጋጠመቻት ደግሞ ሽፋሽፍት ልትለጥፍላት አይገባም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ትላካት። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፣ ብሌንንም ያድናል። የሴቶችን ዓይን ከስንዝር በታች ተጠግቶ የሚያይ ሰው ሜካፕ ሠሪዋ ናት፤ ከሐኪም በፊት የምታየው እርሷ ናት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቆመች ሰው የስልክ ሥዕል ገልባጭ ሆና ስትቀር ያሳዝነኛል፤ የሥራዋን ክብር ያላወቀች ይመስለኛል።

«ተፈጥሮሽን ተቀበዪ፣ መቀባቱ ምን ያደርጋል» የሚሉኝም አሉ። ተቀብያለሁ። የምኳለው ዓይኔን ስለምወደው ነው። ዓይኗን የምትጠላ ሴት አንድ ሰዓት ሙሉ መስታወት ፊት ተቀምጣ አትመለከተውም። ደግሞ ይህን ምክር የሚሰጡን አብዛኞቹ «ዓይንሽ ገባ» ያሉን ራሳቸው ናቸው። አንዱን ይምረጡ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። የፀጉርና የውበት ሥራ የሚያስተምሩ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለሠልጣኞቻቸው ስለ ዓይን ቅርጽ ያስተምሩ፤ ጎድጓዳውን፣ የፈጠጠውን፣ ቆቡ የወደቀውን፣ ጠባቡን ለይተው፤ ትራኮማንና የዓይን ንጽሕናንም አብረው። የጤና ጽሕፈት ቤቶች ሳሎኖችን ሲጎበኙ ምላጩን ብቻ አይዩ፣ የማስካራ ብሩሹንም ይዩ። የሚጣል ብሩሽ በጅምላ ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ፔንስሉ በየሰው ይቀረጽ፣ ብሩሹ በሳሙና ይታጠብ፣ አልኮል ይነካው። ይህ የሚያከስር ነገር አይደለም። የሚያከስረው በሠርጓ ማግሥት ዓይኗ አብጦ የተነሣች ሙሽራ በየቤቱ ስትታይ ነው።

እናንተ ዘንድሮ የምትዳሩ እህቶቼ ደግሞ፣ ከሠርጉ ሳምንት አስቀድማችሁ ሂዱና ሙከራ አሠሩ። ማስካራችሁንና ፔንስላችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ሜካፕ ሠሪዋ ስትጨርስ ዓይናችሁን ገልጣችሁ ወደ ደጅ ውጡ፣ በቀን ብርሃን ፎቶ ተነሡ፣ ዓይናችሁ ከታየ እሰየው። ካልታየ አስጠርጉት። በዋናው ቀንም ቢሆን፣ ሚዜው በር ላይ ቆሞ ቢጣራም አስጠርጉት፤ መኪናው ይጠብቅ።